ከዋና ቀይ ዓይን ይዞ ላለመመለስ

ቅዳሜ ጠዋት ከሽሮ ሜዳ ቁልቁል ወደ መሀል አዲስ አበባ በሚወርደው ሚኒባስ ውስጥ፣ ፎጣ በጀርባ ቦርሳ ጠቅልለው የተቀመጡ ወጣቶችን ማየት የተለመደ ነው። ሽሮ ሜዳ ያለበት ጉለሌ ዳገታማ ሰፈር ነው። ከእንጦጦ የሚወርዱት ጅረቶች ለዋና አይሆኑም፤ መዋኘት ያማረው የሰፈሩ ልጅ ገንዳ ፍለጋ ወደ ታች ይወርዳል። ማታ ሲመለስ ዓይኑ ቀልቷል። በመንገድ መብራቶቹ ዙሪያ ቀስተ ደመና የመሰለ ቀለበት ይታየዋል። እናት በር ላይ ተቀብላ «ዓይንህን ምን ነካው?» ስትለው «ክሎሪን ነው» ብሎ ያልፋል።

ልጁ የተናገረው ግማሹን እውነት ነው። በትክክለኛው መጠን የተጨመረ ክሎሪን ብቻውን ዓይንን ያን ያህል አያስቸግርም። ችግሩ የሚጀምረው ክሎሪኑ ከላብ፣ ከሽንትና ከሰውነት እድፍ ጋር ሲገናኝ ነው። በላብና በሽንት ውስጥ ያለው ናይትሮጅን ከክሎሪን ጋር ተዋሕዶ ክሎራሚን የሚባል ሌላ ኬሚካል ይፈጥራል። ዓይን የሚያቃጥለው፣ ጉሮሮ የሚከረክረው፣ «ዛሬ ክሎሪን አብዝተውበታል» የሚያሰኘው ሽታም በአብዛኛው የዚሁ የክሎራሚን ነው። ስለዚህ ሽታው የበረታ ገንዳ ብዙ ጊዜ ክሎሪን የተረፈው ገንዳ አይደለም፤ ክሎሪኑ ከዋናተኞች እድፍ ጋር ሲታገል የተዳከመበት ገንዳ ነው።

ቀለበቱ ደግሞ ሌላ ምክንያት አለው። እንባ በትንሹ ጨዋማ ነው፤ ጨው ከመቶ አንድ እጅ ያህል ይሆናል። የገንዳ ውሃ ግን ጨው የለውም ማለት ይቻላል። ውሃ ወደ ጨዋማው ወገን መሳብ ባሕርዩ ስለሆነ፣ ከዓይን ፊት ያለው ጥርት ያለ ሽፋን፣ ማለትም ብሌኑ፣ ውሃ ይመጥና ጥቂት ያብጣል። ያበጠ ብሌን ብርሃንን ስለሚበትን መብራቱ ቀለበት ይሠራል። ዓይኑ ካረፈ ብዙውን ጊዜ ሰዓት ሁለት ሰዓት ሳይሞላው ይለቃል። ያም ሆኖ ዓይኑ ያለ መከላከያ ለረጅም ጊዜ ውሃ ውስጥ ተከፍቶ እንደቆየ ምልክት ነው።

መከላከሉ የሚጀምረው ገንዳው ውስጥ ከመግባት በፊት ነው። መጀመሪያ ገላዎን ይታጠቡ። አዲስ አበባ ውስጥ ውሃ በፈረቃ የሚመጣባቸው ሰፈሮች ብዙ ናቸው፤ ቤት ውስጥ ቧንቧው ደርቆ ሳይታጠቡ መውጣት ነውር የለበትም። ግን ገንዳው ዘንድ ሻወር አለ። አንድ ደቂቃ ያህል በደንብ መለቅለቅ ክሎራሚን የሚፈጥረውን አብዛኛውን እድፍና ላብ ያስወግዳል። ዋና የሚያስተምሩ ሰዎች ልጆችን አሰልፈው ከሻወር በታች ሲያሳልፉ አንዳንድ ወላጅ ለንጽሕና ወግ ብቻ ይመስለዋል። የዚያን ቀን የልጆቹ ዓይን መቅላትና አለመቅላት የሚወሰነው እዚያ ነው።

ጠጉር የተቀባ ቅቤ ካለ አስቀድሞ ይታጠብ፤ ውሃ ውስጥ ቀልጦ ወደ ዓይን ይወርዳል። ሎሽንና ቫዝሊንም እንዲሁ። ኩል የምትኳል ሴት ከመግባቷ በፊት በደንብ ታጽዳው፤ ደቃቁ ዱቄት በውሃ ተገፍቶ ከዓይን ቆብ ሥር ይገባና እንደ አሸዋ ይቆረቁራል። ተለጣፊ ሽፋሽፍትም ውሃ ሲነካው ሙጫው ይለቃል። ልጆች ደግሞ ከመግባታቸው በፊት መጸዳጃ ቤት ይሂዱ፣ በየሰዓቱም ወጣ እያሉ ይመለሱ። ይህን በግልጽ ሊነግሯቸው ይገባል፤ ብዙ ሕፃናት በገንዳ ውስጥ መሽናት ማንንም የማይጎዳ ይመስላቸዋል።

ሁለተኛው እርምጃ ውሃውን ማየት ነው። ገንዳው ዳር ቆመው በጥልቁ በኩል ወለሉን ይመልከቱ። የወለሉ መስመሮችና የፍሳሽ መውረጃው ጥርት ብለው ካልታዩ አይግቡ። ውሃው ደመና ከመሰለ ለዓይን ብቻ አይደለም የሚያሰጋው፤ ውስጥ የሰጠመ ሰው እንኳ አይታይም። ቀጥሎ ያሽትቱ፤ አፍንጫን የሚወጋ ሽታ ካለ ለሌላ ቀን ማቆየት ይሻላል። ከዚያ ሳይፈሩ ሠራተኛውን ይጠይቁ፦ «ፒኤቹ ስንት ነው? ክሎሪኑስ ዛሬ ተለክቷል?» ፒኤች ውሃው ወደ አሲድ ወይም ወደ ተቃራኒው ማዘንበሉን የሚያሳይ መለኪያ ነው። ለገንዳ ተስማሚ የሚባለው ከ7.2 እስከ 7.8 ያለው ሲሆን የእንባችንም 7.4 አካባቢ ነው፤ ለዓይን የሚስማማው ውሃ እንባን የሚመስለው ነው። ነፃው ክሎሪን ደግሞ በአንድ ሊትር ውሃ ቢያንስ 1 ሚሊግራም ይፈለጋል። ጥሩ ገንዳ ያለው ድርጅት ይህን በየቀኑ ስለሚለካ ጥያቄው አያስቀይመውም፤ ቁጥሩን የማያውቅ ካለ ደግሞ መልሱ ያ ራሱ ነው።

ስለ ክሎሪን አንድ ነገር መጨመር ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው እንደ ጠላት ያየዋልና። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አውሮፓ ውስጥ፣ ክሎሪን በማይጨመርባቸው ገንዳዎች የዋኙ ሰዎች ዓይናቸው እየመገለ ሐኪም ዘንድ ይሄዱ ነበር። ምክንያቱ ትራኮማን የሚያመጣው የክላሚዲያ ጀርም የቅርብ ዘመድ ሆኖ ተገኘ። ያንን የገንዳ ዓይን ሕመም ያስቀረው ክሎሪን ነው። ዛሬ ከክሎሪን ሊያመልጡ የሚችሉት ጀርሞች ጥቂት ናቸው፤ ከእነሱም አንዱ አዴኖቫይረስ ነው። ክሎሪኑ ባነሰበት ገንዳ በልጆች መካከል ይዛመትና ትኩሳት፣ የጉሮሮ ሕመምና የቀላ ዓይን በአንድ ላይ ያመጣል። ገንዳ ከዋለ ልጅ ላይ ሦስቱ አብረው ከታዩ ነገሩ የክሎሪን ብስጭት አይደለም።

ጅረቶቹን በተመለከተ አጭር ቃል ይበቃል። ቀጨኔን የመሳሰሉት የሰሜን አዲስ አበባ ወንዞች የቤትና የመንገድ ፍሳሽ እያጠቡ ነው የሚወርዱት። ክረምት ሲሞሉ ልጆች ይዘሉባቸዋል። ዓይንን ከዚያ ውሃ የሚያድን መነጽር የለም፤ ጎርፉም ሰው ይወስዳል። አይዋኙባቸው።

አሁን ወደ መነጽሩ። የዋና መነጽር ስታዲየም አካባቢ ባሉት የስፖርት ዕቃ መደብሮችም መርካቶም ይገኛል፤ ዋጋውም ከዕቃ ዕቃ በጣም ይለያያል። ውዱ ሁልጊዜ የተሻለ አይደለም፤ ወሳኙ ለእርስዎ ፊት መግጠሙ ነው። ሲገዙ ላስቲኩን ወደ ጭንቅላትዎ ሳያስገቡ መነጽሩን ብቻ ዓይንዎ ላይ አድርገው በቀስታ ይጫኑት፣ ከዚያ እጅዎን ይልቀቁ። ለጥቂት ሰከንድ ተጣብቆ ከቀረ ገጥሟል። ወዲያው ከወደቀ ሌላ ይሞክሩ፤ ላስቲኩን በማጥበቅ ይስተካከላል የሚለውን የሻጭ ምክር አይቀበሉ። ያልገጠመ መነጽር በላስቲክ ኃይል ሲጠብቅ ውሃ ማስገባቱን አይተውም፣ በላዩ ላይ የዓይን ዙሪያን ያሳምማል፣ ራስ ምታትም ያመጣል።

ጠርዙ ለስላሳ ሲሊኮን ይሁን፤ ደረቅ ፕላስቲክ ቆዳን ሊጎዳ ይችላል። አፍንጫ ላይ የሚያርፈው ማያያዣ የሚቀያየር ወይም የሚስተካከል ቢሆን ይመረጣል፤ የሰው አፍንጫ አንድ ልክ የለውምና። በመነጽር የሚያነብ ወይም ሩቅ የማይታየው ሰው ቁጥር ያለው የዋና መነጽር መኖሩን ይወቅ፤ የዓይን መነጽሩን አውልቆ በዳበሳ ከመዋኘት ይገላግለዋል።

አለባበሱም ሥርዓት አለው። ላስቲኩን ከጆሮ በላይ አሳልፈው ከጭንቅላት ኋላ ከፍ ባለው ቦታ ያሳርፉት። ፀጉር በጠርዙ ሥር እንዳይገባ ይጥረጉ፤ አንዲት ዘለላ ፀጉር ውሃ ለማስገባት ትበቃለች። የመስተዋቱን ውስጠኛ ገጽ በጣት አይንኩ፤ እዚያ ላይ ጭጋግ እንዳይዝ የተቀባ ስስ ሽፋን አለ፣ በጣት ወይም በፎጣ ሲወለወል ይፋቃል። ጭጋግ ካስቸገረ አንድ ጠብታ የሕፃናት ሻምፑ በውስጥ በኩል ቀብቶ በንጹሕ ውሃ ደህና አድርጎ ማለቅለቅ ይረዳል፤ ሳይለቀለቅ ከቀረ ግን ራሱ ዓይን ያቃጥላል።

በተለይ ከልጆች ጋር የሚሄድ ሰው ቀጣዩን ሁለት ጊዜ ያንብበው። መነጽሩን በመስተዋቱ በኩል ይዘው ወደ ፊት አይሳቡ። እርጥብ እጅ ሲያዳልጠው ላስቲኩ እንደ ወንጭፍ መልሶ ይፈናጠርና የመነጽሩ ጠርዝ ዓይንን ይመታል፤ በዚህ ምክንያት ዓይናቸው ውስጥ ደም የፈሰሰና ብርሃናቸው የተጎዳ ልጆች በሕክምና መጻሕፍት ተመዝግበዋል። ትክክለኛው አወላለቅ አውራ ጣትን ከኋላ ላስቲኩ ሥር አስገብቶ በራስ ላይ ወደ ፊት ማንሣት ነው። ልጆች የጓደኛቸውን መነጽር ስበው እየለቀቁ ሲጫወቱ ከታዩ ጨዋታው እዚያው ይቁም።

ሌላው ጥልቀት ነው። የዋና መነጽር አፍንጫን አይሸፍንም፤ ስለዚህ ወደ ታች በተጠለቀ ቁጥር የውሃው ግፊት መነጽሩን ወደ ዓይን ይመጠምጠዋል፣ የሚያስተካክለውም አየር የለም። ወለል ላይ ሳንቲም እያነሡ ሲጫወቱ ቆይተው የዓይናቸው ነጭ ደም የመሰለባቸው ልጆች አሉ። ለመጥለቅ የተሠራው አፍንጫንም የሚያካትተው ጭምብል ነው፤ በእሱ ውስጥ በአፍንጫ ትንሽ አየር በማውጣት ግፊቱን ማስተካከል ይቻላል።

ጥሩ መነጽርም ቢሆን አንዳንዴ ውሃ ይሞላል። በ2000 ዓ.ም. ነሐሴ ወር በቤጂንግ ኦሊምፒክ አሜሪካዊው ማይክል ፌልፕስ የ200 ሜትር ቢራቢሮ ፍጻሜውን ሲዋኝ መነጽሩ ውሃ ሞልቶ ግድግዳውን ማየት አልቻለም። ቀዘፋውን እየቆጠረ ዋኝቶ በ1 ደቂቃ ከ52.03 ሰከንድ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ። ተራ ዋናተኛ እንደ እሱ ዓይኑን ጨፍኖ መቀጠል አይጠበቅበትም፤ መነጽሩ ሲሞላ በጀርባው ተገልብጦ መንሳፈፍ፣ ወደ ዳር መድረስ፣ ከዚያ ማስተካከል ነው ያለበት። ልጆችን ይህን ጥልቀት በሌለው በኩል ደጋግሞ ማለማመድ ይገባል፤ ዓይኑ ውሃ የገባበት ልጅ መጀመሪያ የሚያደርገው ሁለት እጁን ወደ ፊቱ ማንሣት ነው፣ በጥልቅ ውሃ ውስጥ ደግሞ ያ ያሰጥማል።

ከሁሉ የከበደው የኮንታክት ሌንስ ጉዳይ ነው። ሌንስ አድርጎ መዋኘት አይገባም። ስለ ውበት ብለው ቀለም ያለው ሌንስ ለሚያደርጉትም ያው ነው፤ እንዲያውም ከመዋቢያ ሱቅ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚገዛው የባሰ ያሰጋል። ምክንያቱ አካንታሚባ የሚባል በዓይን የማይታይ ተሕዋስ ነው። በቧንቧ ውሃ፣ በገንዳ፣ በሐይቅ፣ በአፈርም ይኖራል፤ ሲከፋበት ጠንካራ ቅርፊት ለብሶ ክሎሪንን ይቋቋማል። ጤነኛ ዓይን እንባውም ቆቡም እየጠረገ ያባርረዋል። ሌንስ ግን እንደ ስፖንጅ ውሃውን ይዞ ብሌኑ ላይ ለሰዓታት ያስቀምጠዋል፤ ብሌኑም በሌንሱ ተፍቆ ከሆነ መግቢያ ያገኛል። የሚያመጣው ሕመም እጅግ ያሠቃያል፣ ሕክምናው ወራት ይፈጃል፣ ጠባሳው የብሌን ንቅለ ተከላ ሊጠይቅ ይችላል። አገራችን ውስጥ የሚለገስ ብሌን የሚጠብቀው ሰው ቀድሞም ብዙ ነው።

ስለዚህ ሌንሱን ቤት ይተዉት። ቁጥር ያለው የዋና መነጽር ከሌለ በዕለቱ ብዥ ብሎ መታየቱን መታገሥ ይሻላል። በድንገት ሌንስ እንዳለ ውሃ ውስጥ ከተገባ እንደ ወጡ ወዲያው ሊያወልቁት አይታገሉ፤ የገንዳ ውሃ ሌንሱን ከብሌኑ ጋር ያጣብቀዋል፣ በኃይል ሲላቀቅ ብሌኑን ይልጣል። እጅዎን በሳሙና ታጥበውና አድርቀው፣ ዓይንዎን በሰው ሠራሽ እንባ አርሰው፣ ሌንሱ ሲንቀሳቀስ ያውልቁት። የአንድ ቀን ከሆነ ይጣሉት። በቧንቧ ውሃ ማጠብ በፍጹም አይሆንም።

ይህ ደንብ ለገንዳ ብቻ አይደለም። ለጥምቀት ጃንሜዳ ቆሞ ውሃ የሚረጭበትም፣ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ጠበል ሊጠመቅ የወጣም ምእመን ሌንሱን አስቀድሞ አውልቆ በመነጽር ቢሄድ ዓይኑን ይጠብቃል። ለዕረፍት ወደ ላንጋኖ፣ ሐዋሳ ወይም ሶደሬ ለሚወርድም ያው ነው። የሐይቅ ውሃ ክሎሪን የለውም፤ ከመሬት ትኩስ ሆኖ የወጣ ፍል ውሃም ገንዳ ውስጥ ለብ ሲል ለአካንታሚባ ይስማማዋል። የላንጋኖ ውሃ ቡናማ ስለሆነ ወለሉን የማየቱ ፈተናም እዚያ አይሠራም። መነጽር አድርጎ መዋኘት፣ ያለ መነጽር ደግሞ ውሃ ውስጥ ዓይን አለመክፈት ይበቃል።

ፀሐዩም አለ። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ዓይንንና ቆዳን የሚያቃጥለው አልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ የጉለሌ ዳገቶች ደግሞ ከዚያም ከፍ ይላሉ። አየሩ ቀዝቀዝ ስለሚል ሰው ፀሐዩን ይንቀዋል። ውሃም ጨረሩን ፈጽሞ አያግድም፤ ግማሽ ሜትር ወርዶ እንኳ ከላይ ካለው 40 በመቶ ያህሉ ይቀራል። ለውጭ ገንዳ ጨረሩን የሚከላከል ጠቆር ያለ መነጽር፣ ለቤት ውስጥና ለማታ ጥርት ያለ ይምረጡ። ዳር ላይ ሲያርፉ የፀሐይ መነጽርና ባርኔጣ ያድርጉ።

ከወጡ በኋላ ፊትዎን ዓይንዎን ጨፍነው በንጹሕ ውሃ ይታጠቡ። አይሹ። ቢቆረቁርዎት ያለ ማቆያ ኬሚካል የተሠራ ሰው ሠራሽ እንባ ጠብ ማድረግ ያረጋጋል። ወተት፣ ሻይ፣ የቅጠል ጭማቂ አይጨምሩ። ከፋርማሲ ያለ ትእዛዝ የሚሸጡ ዓይን የሚያነጡ ጠብታዎችንም ይተዉ፤ አንዳንዶቹ ስቴሮይድ አለባቸው፣ ቅላቱን ቶሎ ያጠፋሉ፣ ግን ከሥሩ ያለው የቫይረስ ወይም የፈንገስ ቁስል ካለ ያስፋፉታል፣ ሲደጋገሙም የዓይን ግፊት ይጨምራሉ።

ፎጣ የግል ይሁን። ጓደኛሞች በአንድ ፎጣ መጠራረጋቸው የፍቅር ልማድ ነው፤ ግን የዓይን ሕመም በእጅና በጨርቅ እንደሚተላለፍ አገራችን ከትራኮማ ብዙ ከፍላ ተምራለች። በ1998 ዓ.ም. በተደረገው ብሔራዊ ጥናት ከሕዝቡ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር ሆኖ ተገኝቷል፤ ከምክንያቶቹም አንዱ ትራኮማ ነበር። መነጽርና ኩልም አይዋዋሱ። ዓይኑ የቀላና አር የያዘ ልጅ እስኪሻለው ገንዳ አይግባ፤ የቫይረስ ከሆነ እስከ ሁለት ሳምንት ሊያስተላልፍ ይችላል። የሞራ ግርዶሽ ቀዶ ሕክምና ያደረገ ሰው ደግሞ ሐኪሙ ሳይፈቅድለት ውሃ ውስጥ አይግባ።

ለቤት ትንሽ ገንዳ ገዝተው በረኪና በግምት የሚጨምሩ ወላጆች አሉ። ባያደርጉት ይሻላል፤ ውሃውን በየቀኑ ደፍቶ መቀየር ይበቃል። በረኪና ወይም የክሎሪን ዱቄት ዓይን ውስጥ ከገባ አንድ ደቂቃ ሳያባክኑ ቆቡን ከፍቶ በሚፈስ ውሃ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ ማጠብ፣ ከዚያ ሐኪም ቤት መሮጥ ነው። ቧንቧው ያ ቀን ፈረቃው ካልሆነ የጀሪካኑን ውሃ ይጠቀሙ፤ ታክሲ ከመጥራት በፊት መታጠቡ ይቀድማል።

ተራ ቅላት በማግሥቱ ይለቃል። ካልለቀቀ፣ ወይም ሕመም ካለ፣ ብርሃን ማየት ካቃተ፣ ብዥታው ካልጠራ፣ ወፍራም አር ከያዘ፣ ብሌኑ ላይ ነጭ ነጥብ ከታየ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ይሂዱ። ለጉለሌ ሰው ቅርቡ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ነው፤ የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል የዓይን ክፍልም ሩቅ አይደለም። ለሐኪሙ መቼና የት እንደዋኙ ይንገሩ። ሌንስ የሚያደርግ ሰው ሌንሱን ከነመያዣውና ከነማጠቢያው ይዞ ይሂድ፤ ከእነሱ ላይ ናሙና ተወስዶ ጀርሙ ሊለይ ይችላል።